ድሮዊንጉ ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች በሙሉ የመጡት በማሽን ሥራና በብረታ ብረት ኩባንያዎች ውስጥ የሜካኒካል ንድፍ ቡድን ከሚመሩ አንባቢዎች ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን ስምና የሚሠሩበትን ኩባንያ መጠሪያም በፍላጎታቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ አካባቢ የእህል ማበጠሪያ፣ የቡና መፈልፈያና ኮንቬየር በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ በዲዛይነርነት ለብዙ ዓመት ስሠራ ቆይቼ ባለፈው ዓመት የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። በሥሬ ስድስት ወጣት መሐንዲሶች አሉ። ከእነሱ የሚመጣው ድሮዊንግ (ክፍሉ የሚሠራበት የንድፍ ሥዕል) ስህተት ስለማያጣው ለማስረዳት ከምደክም ብዬ ራሴ እንደገና እሠራዋለሁ፤ በዚህ የተነሣ ማታም ቅዳሜም ቢሮ ነኝ። ይህን ሁሉ አድርጌም ወርክሾፕ ተሠርቶ የሚወጣው ሌላ፣ ድሮዊንጉ ላይ ያለው ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ባለሙያዎቹ ሳይነግሩን ይቀይራሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሌላውን ሰው ድሮዊንግ እንደገና መሥራቱን ያቁሙ። ይህን ስንል ስህተት ያለበት ድሮዊንግ እንዲሁ ይለፍ ማለታችን አይደለም። ዛሬ በእርስዎ ቢሮ ስህተቱን የሚያገኙት እርስዎ፣ የሚያርሙትም እርስዎ ሲሆኑ፣ ድሮዊንጉን የሠራው ወጣት ግን ጠዋት መጥቶ የተስተካከለ ፋይል ከማየት በቀር ምን እንደጎደለውና ለምን እንደተቀየረ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፣ በሚቀጥለው ሥራ ላይ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። ኃላፊነቱ የተሰጠዎት ከቡድኑ የተሻሉ ዲዛይነር ስለነበሩ ሊሆን ይችላል፤ አሁን የሚጠበቅብዎት ግን ስህተት በወረቀት ላይ እያለ፣ ገና ብረት ሳይቆረጥ፣ እንዲገኝ የሚያደርግ አሠራር መዘርጋት ነው። በእኛ እምነት የንድፍ ቡድን መሪ ከሌላው ሥራው ሁሉ ይልቅ በዚህ ይመዘናል።

እርማቱን እንዲህ ቢያደርጉት እንመክራለን። ድሮዊንጉን በትልቅ ወረቀት ያሳትሙት፤ ቀይ እስክሪብቶ ይያዙ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ ጥያቄውን ይጻፉበት። «ይህ ቡሎን ሲጠብቅ ቁልፉ የሚዞርበት ቦታ የት አለ?»፣ «ኩሽኔታው ሲያልቅ ለመቀየር ምን ምን ይፈታል?»፣ «በያጁ እጁን በየት በኩል ያስገባል?» የሚሉ ጥያቄዎች ተጽፈውበት የተመለሰለት ወጣት መልሱን ፈልጎ ራሱ ያርመዋል። የምርመራው ቅደም ተከተልም ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ሰው የጎደለ ልኬት ከመፈለግ የሚጀምረው እሱን ማግኘት ቀላል ስለሆነ ነው። መቅደም ያለበት ግን ክፍሉ ምን ሥራ ይሠራል፣ ምን ጭነት ይሸከማል የሚለው ሲሆን፣ ቀጥሎ አጠገቡ ካሉት ክፍሎች ጋር እንዴት ይገጣጠማል፣ ከዚያም በእኛው ቶርኖ፣ ፍሬሳና ማጠፊያ መሠራት ይችላል ወይ የሚሉት ይመጣሉ፤ ልኬትና ማስታወሻ የሚታዩት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ወጣት መሐንዲሶች አዘውትረው የሚስቱት የቶለራንስ፣ ማለትም ከተጻፈው ልኬት የሚፈቀደው ልዩነት፣ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። 6205 በሚባለው ኩሽኔታ ውስጥ የሚገባ የ25 ሚሊ ሜትር ሻፍት አለ እንበል። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ከሻፍቱ ጋር የሚዞር ከሆነ የተለመደው ምርጫ ኬ6 የሚባለው የቶለራንስ ደረጃ ነው፤ ይህም ሻፍቱ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል መዋል አለበት ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ቀለበቱ በሻፍቱ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል፤ ብዙ ከበለጠ ደግሞ ኩሽኔታው ውስጡ ይጨናነቅና ይግላል። በዚያው ማሽን ላይ ያለው የ300 ሚሊ ሜትር የላሜራ ሽፋን ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያጥር ወይም ቢረዝም የሚበላሽ ነገር የለም፤ አይ.ኤስ.ኦ. 2768 የተባለው ዓለም አቀፍ የቶለራንስ መስፈርት በመካከለኛ ደረጃው ለዚህ ርዝመት የሚፈቅደውም ሲደመር ሲቀነስ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ወጣቱ ዲዛይነር ለጥንቃቄ ብሎ ለሁለቱም ሲደመር ሲቀነስ 0.01 ቢጽፍ ጥንቃቄ አልጨመረም። ቶርኖ ላይ የቆመው ባለሙያ ሁሉም ልኬት እኩል ጥብቅ ሆኖ ሲያገኘው የትኛው የምር እንደሆነ የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ሁሉንም በልምዱ ይሠራዋል፤ ሻፍቱም በሽፋኑ ልክ ይሠራል። ስለዚህ በአንድ ድሮዊንግ ላይ ጥብቅ ልኬት ባየህ ቁጥር «ለምን?» ብለህ ጠይቅ የሚል ልማድ በቡድንዎ ውስጥ ይትከሉ፤ ምክንያቱን መናገር ያልቻለ ዲዛይነር ልኬቱን ያላላው።

ወደ ወርክሾፑ እንምጣ። ባለሙያው ሳይነግር የሚቀይረው ብዙ ጊዜ በንቀት ሳይሆን ምርጫ አጥቶ ነው። የተጻፈው ቱቦላሬ ገበያ ላይ የለም፤ ትራፓኖው እዚያ ቦታ አይደርስም፤ ወይም ክፍሉ እንደተሳለው ሊበየድ አይችልም። 3 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተገዛ ላሜራ በካሊብሮ ሲለካ 2.7 ሆኖ ቢገኝ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ላሜራ እንዳይታጠፍ የሚያደርገው ግትርነት ከውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ስለሚሄድ፣ ያ 0.3 ሚሊ ሜትር ከግትርነቱ 27 በመቶ ያህሉን ይቀንሰዋል። ቢሮ የተቀመጠው ዲዛይነር በሙሉው 3 ሚሊ ሜትር አስልቶ ማሽኑ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ሲገረም ይኖራል። ይህን የሚያውቀው ወርክሾፕ ወርዶ በገዛ እጁ ሲለካ ነው፤ እያንዳንዱ ዲዛይነር የራሱ ድሮዊንግ በሚቆረጥበትና በሚበየድበት ቀን እዚያው እንዲቆም ማድረግ በየትኛውም ሥልጠና የማይተካ ትምህርት ይሰጠዋል።

ለውጥ ሳይመረመር ሲያልፍ ምን እንደሚያስከትል ለቡድንዎ ሊነግሯቸው የሚገባ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በነበረው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያ ተንጠልጥለው የነበሩ መተላለፊያ ድልድዮች ወድቀው 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ሐሳብ የሁለተኛውና የአራተኛው ፎቅ ድልድዮች አንዱ ከሌላው በታች ሆነው ከጣሪያ እስከ ታች በሚወርዱ ያልተቆረጡ ረጃጅም ዘንጎች ላይ ይንጠለጠላሉ፤ እያንዳንዱ ድልድይ የሚያርፈው በራሱ ዳዶ ላይ ነው። ብረቱን የሚሠራው ድርጅት ያን የሚያህል ረጅም ዘንግ ላይ ጥርስ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነበት ዘንጉ ለሁለት እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ፤ የላይኛው ዘንግ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ፎቅ ድልድይ፣ የታችኛው ደግሞ ከአራተኛው ፎቅ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወረደ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ነገር ግን በአራተኛው ፎቅ ተሸካሚ ብረት ሥር ያለው ዳዶ ከዚያ በኋላ የሚሸከመው የራሱን ድልድይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተንጠለጠለውንም ስለሆነ ጭነቱ እጥፍ ሆነ። ለውጡ እንደገና ሳይሰላ ማኅተም ተመትቶበት አለፈ፤ ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶችም የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። የብረት ሠሪዎቹ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ረጅሙን ዘንግ የሳለው ሰው ሊያስብበት ይገባው የነበረ ጉዳይም ነው። የጎደለው «አሁን ጭነቱ በየት በኩል ያልፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር፤ ያ ሰው በእርስዎ ኩባንያ ውስጥ እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ባለሙያው እንዳይቀይር ከመከልከል ይልቅ በቀላሉ የሚጠይቅበትን መንገድ ይክፈቱለት። አንድ ገጽ የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ይበቃል፤ ምን ይለወጥ፣ ለምን፣ ለውጡ የሚነካው ጭነት ወይም ገጠማ የትኛው ነው፣ ማን አጸደቀ የሚሉት ከተሞሉበት ሥራው ይቀጥላል። መልሱ በሰዓታት ውስጥ ካልደረሰው ግን ቅጹ ከንቱ ነው፤ ብየዳውን አቁሞ ሁለት ቀን የሚጠብቅ ባለሙያ የለም። ለውጡ ሲጸድቅ ድሮዊንጉ አዲስ የክለሳ ፊደል ይሰጠው፤ የድሮው እትምም ከወርክሾፑ ተለቅሞ ይመለስ። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል መስሎ ይታለፋል፤ ነገር ግን ግሪስ የነካው፣ ክለሳ ሀ የሚል ቅጂ ቶርኖው አጠገብ ተለጥፎ ክለሳ ሐ ኮምፒውተር ውስጥ ሲተኛ ወርክሾፑ የሚያምነው የተለጠፈውን ነው። በዚሁ አጋጣሚ በድሮዊንጋችሁ ጥግ ላይ ያለውን የእይታ ምልክት ይመልከቱ። በአውሮፓ አሠራር የቀኝ ጎን እይታ በግራ ሲቀመጥ በአሜሪካው በቀኝ ይቀመጣል፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣውን አብነት ሳያስተካክሉ የሚሠሩ ዲዛይነሮች ካሉ ግራና ቀኙ የተገለባበጠ ድጋፍ ብረት ተሠርቶ መምጣቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ለስኳርና ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች መለዋወጫ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የንድፍ ቡድን መሪ ነኝ፤ ሴት ነኝ፤ ዕድሜዬ 32 ነው። በቡድኑ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሚበልጡኝ፣ እኔም ተማሪ ሆኜ ለልምምድ ስመጣ ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ ዲዛይነር አሉ። ሙያቸው የሚያከራክር አይደለም፤ ነገር ግን ድሮዊንጋቸውን ማንም እንዲያይባቸው አይፈልጉም፣ ስሌታቸውንም አይጽፉም። «ጋሼ፣ ይህን እንየው» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠርብኛል። እንዴት ልምራቸው?

መልስ፦ ምርመራ በእሳቸው ላይ ብቻ የወደቀ ከሆነ ወይም ከእሳቸው የጀመረ ከመሰለ ክብር መንካት ይሆናል። የሚጀምረው ከእርስዎ ነው። ማንኛውም ድሮዊንግ፣ የኃላፊዋም ቢሆን፣ ከሠራው ሰው ሌላ አንድ ሰው ሳይፈርምበት ወደ ወርክሾፕ አይሄድም የሚለውን ደንብ ያውጡና የመጀመሪያውን የራስዎን ድሮዊንግ ለእሳቸው ይዘው ይሂዱ። እሳቸው በቀይ ቀለም ያርሙት፤ እርስዎም እርማታቸውን በቡድኑ ፊት ተቀብለው ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ድሮዊንግ ተራ ሲደርስ የሚጠየቀው ሥርዓቱ ነው እንጂ ወጣቷ አለቃ ሽማግሌውን መረመረች አይባልም። አንቱታውንና «ጋሼ» የሚለውን አይተዉት፤ ሥልጣንዎን አይቀንሰውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን ግን በእሳቸው ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው። መለዋወጫ የሚሠራ ዲዛይነር በእጁ የሚገባው አዲስ ክፍል ሳይሆን ያለቀ ክፍል ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ያለቀውን ሻፍት ወስዶ በካሊብሮ ሲለካ 79.6 ካገኘ 79.6 ብሎ ይስለዋል፤ አንጋፋው ግን ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ ትቶ ልሙጡና ያልተነካው ክፍል የት እንዳለ ፈልጎ ይለካል፤ ገበያ ላይ ያሉትን የኩሽኔታ መጠኖች ያስታውሳል፤ ይህ ክፍል ሲወለድ 80 ነበር ብሎ ይወስናል። ተሰብሮ የመጣውን ደግሞ ስብራቱን አይቶ ቀስ በቀስ በድካም (ጭነት እየተመላለሰበት) የተሰነጠቀ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ ጭነት የተቆረጠ ነው የሚለውን ይለያል፤ በድካም ከሆነ ያንኑ ክፍል ደግሞ መሥራት ያንኑ ስብራት መጥራት ስለሆነ ውፍረቱ የሚለወጥበትን የትከሻውን ጥግ ክብ ያደርገዋል፣ ያሰፋዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከቀረ ሰውዬው ጡረታ በወጡ ማግሥት ድርጅቱ ባዶ ይሆናል።

ስሌት ይጻፉ ብሎ ማዘዝ አያዋጣም። ከወጣቶቹ አንዱን አብሯቸው ይመድቡ፤ እሳቸው እየተናገሩ፣ ወጣቱ ለእያንዳንዱ ሥራ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የንድፍ ማስታወሻ ይጻፍ፤ ምን ተለካ፣ ምን ታሰበ፣ ቁሳቁሱ ለምን ተመረጠ የሚለው ይግባበት፤ ፊርማው ግን የእሳቸው ይሁን። ስማቸው ያረፈበት ማኅደር ሲወፍር በማየት የሚገኘው ክብር ድሮዊንግ ደብቆ ከመያዝ ከሚገኘው ይበልጣል፤ አብዛኞቹ አንጋፋዎችም ይህን ሲያገኙ ልባቸው ይከፈታል ብለን እናምናለን። በንድፍ ግምገማ ስብሰባ ላይም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በእኛ አገር ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ አይናገርም፤ ስለዚህ ንግግሩ ከታናሹ ይጀምርና እርስዎም አንጋፋውም በመጨረሻ ይናገሩ፤ አለበለዚያ ስህተቱን ያየው ልጅ አይቶ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በሚገኝ ማሽን አምራች ኩባንያ የንድፍ ክፍሉን እመራለሁ። የሽያጭ ክፍሉ እኛን ሳይጠይቅ ለደንበኛ ቀን ይቆርጣል፤ እኛ ንድፉን ጀምረን ሳንጨርስ ላሜራ መቆረጥ ይጀምራል። በቅርቡ መተማ አካባቢ ለሚተከል የሰሊጥ ማበጠሪያ በዚህ መንገድ ውል ተገብቷል። «አይቻልም» ማለት አስቸግሮኛል።

መልስ፦ «አይቻልም» የሚለውን ቃል ከሥራ አስኪያጁ ጋር ከመወርወር ይልቅ በእጅዎ አንድ ወረቀት ይያዙ፤ ንድፍ ከመጀመሩ በፊት መሞላት ያለባቸው ጥያቄዎች የሰፈሩበት ነው። ሽያጭ ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን ወረቀት ከደንበኛው ጋር ሞልቶ እንዲያመጣ ይስማሙ። የወረቀቱ ጥቅም ለምን እንደሆነ እርስዎ ራስዎ የጠቀሱት ማሽን ያሳያል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መተማ ከ1000 ሜትር በታች ነች። አየሩ እዚያ በ10 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ገለባውን ከሰሊጡ የሚለየው ነፋስ ባሕር ዳር ላይ ተሞክሮ በልኩ ከተስተካከለ፣ መተማ ሲደርስ ያው የነፋስ ፍጥነት እህሉን በዚያው መጠን በበለጠ ኃይል ይገፋዋል፤ ሰሊጥን ለሚያህል ቀላል ፍሬ ይህ ከገለባው ጋር አብሮ ለመውጣት ይበቃል። ነፋሱን የሚነዳው ሞተርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ስለከበደ ባሕር ዳር ላይ ከሚስበው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ነው። መደበኛ ሞተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሙቀትና እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ የተጻፈባቸውን ጉልበት እንዲሰጡ ነው። እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የነፋስ መግቢያው የሚጠብና የሚሰፋ በር ይኑረው፣ ሞተሩም አንድ ደረጃ ከፍ ይበል። ይህ በወረቀት ላይ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ማሽኑ ተጭኖ መተማ ከደረሰ በኋላ ግን ባለሙያ፣ መኪና፣ አበልና የደንበኛ ቁጣ ያስከትላል። ይህን ልዩነት በብር አስልተው ለሥራ አስኪያጁ ያቅርቡ፤ ክርክሩ ያኔ በእርስዎና በሽያጭ ኃላፊው መካከል መሆኑ ይቀራል።

ቀኑን በተመለከተ ሁሉም ነገር እስኪያልቅ ጠብቁ ማለትም አይገባም። ከውጭ የሚመጡትን ሞተር፣ ጊርቦክስና ልዩ ኩሽኔታዎች አስቀድመው ይምረጡ፤ የውጭ ምንዛሪና ማጓጓዣ ጊዜ የሚወስዱት እነዚህ ስለሆኑ ትዕዛዛቸው ንድፉ ገና እየተሠራ ሊወጣ ይችላል። ዋናው ሻሲና የመገጣጠሚያ ነጥቦች ተገምግመው ከተዘጉ በኋላ ላሜራ መቁረጥ ይጀመር፤ ሽፋንና መከላከያ በኋላ ይድረሱ። የተዘጋው ነገር የሚከፈተው በለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ለሽያጭ ክፍሉ የሚሰጡት መልስ «እስከዚህ ቀን ይህ፣ እስከዚያ ቀን ያ» የሚል ስለሚሆን ለደንበኛው ሊናገረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ በሁለት ከተሞች የተከፈለ የንድፍ ቡድን እመራለሁ። አንዱ ቢሮ ወደ አዲሱ የሶፍትዌር እትም ተሸጋግሯል፤ ሌላው የያዙት ፕሮጀክት እስኪያልቅ በድሮው መቆየት ይፈልጋል። ፋይል መለዋወጥ ስለሚቻል ልፈቅድላቸው አስቤያለሁ።

መልስ፦ አይፍቀዱ፤ ቢያንስ በአንድ ምርት ላይ አብረው የሚሠሩ ከሆነ። ኤርባስ ኤ380 የተባለውን አውሮፕላን ሲሠራ የሐምቡርግ ዲዛይነሮች ካቲያ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር አራተኛ እትም፣ የቱሉዝ ዲዛይነሮች ደግሞ በአምስተኛው እትም ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ አውሮፕላን 530 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚይዝ ሲሆን፣ በኮምፒውተር ውስጥ የተደረጉት የሽቦ መንገድ ለውጦች ከአንዱ እትም ወደ ሌላው በትክክል ስላልተላለፉ ከሐምቡርግ የመጡት የሽቦ ጥቅሎች ቱሉዝ ላይ ሲገጠሙ አጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው መዘግየት ሁለት ዓመት ገደማ የፈጀ ሲሆን የመጀመሪያው አውሮፕላን ለሲንጋፖር አየር መንገድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ነበር። ፋይሉ መከፈቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱ ቢሮዎች የሚሸጋገሩበትን አንድ ቀን ይቁረጡ፤ ከዚያ ቀን በፊት ሁለቱንም የሚያገናኝ አንድ እውነተኛ ንዑስ ገጠማ ይምረጡና ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ልከው አስመልሱት፤ ከዚያም ልኬቶቹን፣ ክብደቱንና የክፍሎቹን ዝርዝር ከመነሻው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ።